የሙሽራዋ የተጣራ ክብደት

አመል የሌለው ሰው የለም። አንዱ ጥፍሩን ይበላል፣ አንዱ ተኝቶ ያወራል፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤቱን ጠብ ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። የዱቄት ፋብሪካው ሚዛን ሠራተኛ አመሉ መመዘን ነበር። እንጀራው ነውና ምን ይፈረድበታል ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ ለፍርዱ አትቸኩሉ።

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰው ሁሉ ትቶት «ግራም» ነበር የሚለው። አለቆቹ አቶ ግራም፣ ሾፌሮቹ ግራም፣ ሚስቱ ደስ ሲላት ግራሜ፣ ሲከፋት «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። ሥራው በአንዱ በር የሚገባውን ስንዴ መዝኖ ማስገባት፣ በሌላው በር የሚወጣውን ዱቄትና ፉርሽካ መዝኖ ማስወጣት ነው። የገባውና የወጣው እኩል ካልመጣ ምሳው ከጉሮሮው አይወርድም። አንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ጎደለና የፋብሪካው ሰው ሌባ ሌባ ሲባባል ዋለ። ግራም ዝም ብሎ መሰላል አቆመ፤ ጣሪያው ማገር ላይ ወጣ፤ ከዘመን ዘመን የተከማቸውን የዱቄት ብናኝ ጠርጎ በጆንያ አወረደና መዘነው። ጉድለቱ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ «በበር ገብቶ በበር ያልወጣ ነገር ግቢ ውስጥ አለ» የምትል አባባል አበጀ። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ሁሉ ይላታል።

ፋብሪካው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሚዛን ሲገዛ አሮጌው ባስኩል፣ ያ ብረት እየገፉ የሚመዝኑበት ባለመድረክ ሚዛን፣ ሊጣል ነበር። ግራም አንጀቱ አልችል አለ። ለምኖ፣ ተሸክሞ፣ ከነዝገቱ ወደ ቤቱ አመጣውና ሳሎን ውስጥ በሶፋውና በሚስቱ የስፌት መኪና መካከል አቆመው። ሚስቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ ነው የምትውል። ባስኩሉ ሲመጣ አየችው፣ ባሏን አየችው፣ «እንኳን ደህና መጣ» አለችና መርፌዋን ክር አጎረሰች።

መመዘኑስ ባልከፋ። የከፋው ጩኸቱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ወፍጮው ያጓራል፤ ሚዛን ሠራተኛው ቁጥሩን ካልጮኸ የሚጽፈው ሰው አይሰማም። ግራም ዕድሜውን ሲጮህ ኖሮ ቤቱም ወፍጮ ያለበት መሰለው። ድንች ገዝቶ ሲገባ «ሦስት ኪሎ ከሩብ!»፤ ዳቦ ሲቆረስ «ሁለት መቶ!»፤ የሚስቱ ሳህን ሲቀርብ እንኳ ባስኩሉን አስነክቶ «አራት መቶ ሃምሳ!» ይላል። ክፋት የለውም፣ ክፋት እንኳ የለውም። ከላይ ፎቅ የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ወለሉ ላይ የሚያደርገውን ሽር ጉድ ያቆምና ያዳምጣል፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙም «ትናንት ድንቹ አነስ አለብህ» ይለዋል።

አሁን ወደ ግራምና ወደ ሚስቱ ሠርግ ልመልሳችሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሠርጉ የተደገሰው በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ ነበር። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ሲደርሱ የግራም የሥራ ባልደረቦች በሩን ዘጉና «በዚህ በር ሳይመዘን የሚገባ ነገር የለም!» አሉ። ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ያኔ ገና ከፋብሪካው ያልወጣው ያው ባስኩል ላይ አቆሟት። ግራም ከነሙሉ ልብሱ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ገፋ፣ አስተካከለ፣ ተነሥቶም «ስልሳ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ቀለጠ።

የሙሽራዋ እናት ብቻ አላጨበጨቡም። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ ሚስማር እንኳ ሳያስፈርሙ ያላወጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን አንሥተው «ቬሎው ስንት ይመዝናል?» ብለው ጠየቁ። ቬሎው የኪራይ ነበርና ከመመለሱ በፊት ተመዘነ፤ ሦስት ኪሎ ሆነ።

«እንግዲያው የተጣራ ክብደቷ ስልሳ ሦስት ነው» አሉ አማት። «ስልሳ ሦስት ኪሎ ልጅ አስረክቤሃለሁ፤ ስልሳ ሦስት ኪሎ እጠይቅሃለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግራምም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ያኔ ነበር መጠርጠር።

ዓመታት አለፉ። አማት ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ከከተማቸው ሳይወጡ ቆዩ። ልጅቷ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ደራርባ ትለብሳለች። ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደለች? ቀሚሷ በሰፋት ቁጥር ጎኑን ጠበብ፣ ወገቡን ሰብሰብ እያደረገች ትሰፋዋለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ልክክ ያለ ልብስ ነው የምትለብሰው። ግራም በየቀኑ ስለሚያያት አላየም። ባስኩሉ ላይ ደግሞ ከሠርጉ ወዲህ «ሰው ዕቃ ነው እንዴ?» እያለች ወጥታ አታውቅም። በቤቱ ውስጥ ያልተመዘነች እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ሰኞ አማት ጉልበታቸው ተሽሏቸው በአውቶቡስ መጡ። ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ ተመለከቱ።

«ልጄስ?» አሉ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺማ አንቺ ነሽ። የቀረው የት አለ ነው የምልሽ።»

ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ልጃቸውን ክንዷን ይዘው ባስኩሉ ላይ አወጧት። ግራም ጎንበስ ብሎ ብረቱን ገፋው። ገፋው። አሁንም ወደ ኋላ ገፋው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቁጥሩን በሹክሹክታ ተናገረ።

«ሃምሳ።»

«አልሰማሁም!»

«ሃምሳ፣ እማማ።»

«አስራ ሦስት ኪሎ!» አሉ አማት፤ ሶፋው ላይ ዘጭ ብለው። «ወይኔ ልጄን! የሁለት ዓመት ሕፃን የሚያህል ሰው ጎድሏል እኮ!»

«እማዬ፣ እኔ'ኮ የምልሽ...» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ዝም በይ። ጉድለት የሚጠየቀው ተረካቢው ነው፤ ዕቃው አይናገርም።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ደሟም ምኗም ተመርምሮ ጤነኛ ናት ተባለ። አማት ይህን ሲሰሙ ይብሱን ተናደዱ፤ በሽታ ቢሆን እኮ ቢያንስ ማን እንደወሰደው ይታወቅ ነበር። ተመልሰው መጥተው ግራም ፊት ቆሙና ፍርዳቸውን ተናገሩ።

«እስከ እሁድ ጉድለቱን ታወራርዳለህ። አስራ ሦስቱ ኪሎ የት እንደሄደ ታሳየኛለህ። አለበለዚያ የቀረኝን ሃምሳ ኪሎ ይዤ እሄዳለሁ።»

ግራም ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ባይኖር ያ ቤት ምን ሊሆን ነው? ከሥራ ሲመለስ ገና ደረጃው ላይ ሆኖ ድምፁን ሲሰማ ነው ደክሞት እንደዋለ ትዝ የሚለው። «በበር ገብቶ በበር ያልወጣ ነገር ግቢ ውስጥ አለ» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ፍለጋ ጀመረ።

አልጋ ሥር ፈለገ። ቁም ሣጥን ላይ ፈለገ። የቧንቧውን መታጠፊያ ፈትቶ ፀጉር አወጣ፤ መዘነው፤ እፍኝ አይሞላም። ከስፌት መኪናው ሥር ብጥስጣሽ ክር ሰበሰበ። ሚስቱ ተቀምጣ ስታየው ቆየችና «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችው።

«አንቺ» አላት።

«እዚህ ነኝ።»

«የጠፋሽውን ማለቴ ነው።»

አየችው። የስፌት መኪናዋንም ማሽከርከር ቀጠለች።

ሲጨንቀው የሚስቱን ታናሽ ወንድም ጠራው። ወንድምየው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ጠመኔ ያልነካው ሸሚዝ የለውም፣ ጥያቄ ከተጠየቀ ደግሞ ደወል ካልተደወለ አያቆምም። ነገሩን ሰምቶ ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሲጀመር ቁስ አይጠፋም» አለ። «ተቃጠለ፣ ተሰባበረ፣ ተዋሐደ፤ ሁሉም በመጨረሻ ሲመዘን መጀመሪያ የነበረውን ያህል ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ግራም፤ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም።

«የሰው ስብም እንደ ማገዶ ነው። የምንስበው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያቃጥለዋል። ከዚያ አብዛኛው የተቃጠለ አየር ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው ውሃ ይሆናል። እህቴ አስራ ሦስት ኪሎዋን አልጣለችውም። ተነፈሰችው።»

«ተነፈሰችው?»

«ተነፈሰችው።»

ግራም ዞሮ ሚስቱን ተመለከተ። ሚስቱ በዚያች ቅጽበት አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ቆይ! አትተንፍሺ!» ብሎ ተነሥቶ ሮጠና መስኮቱን ዘጋው።

ከሶፋው ላይ አማት ጮኹ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አስራ ሦስት ኪሎ አየር ላይ አለኝ ልትለኝ ነው? እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት ሌባ አይቻለሁ፤ 'ተነፈሰው' ያለኝ ግን የለም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ግን ልንገራችሁ። ግራም የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በፕላስተር አሸገ። በሩ ሥር ብርድ ልብስ ጎሰጎሰ። ለሚስቱ ትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጥቶ «እዚህ ውስጥ ተንፍሺ፣ እናቴ ትሙት እዚህ ውስጥ ብቻ» ብሎ ለመናት። እሷም አንድ ዩኒፎርም ሰፍታ ስትጨርስ አንድ ከረጢት ትነፋለች፤ እሱ በክር ያስርና ባስኩሉ ላይ ያስቀምጣል። ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ሁለት ከረጢት፣ ሦስት ከረጢት ቢደረድር ያው ነው። ሳሎኑ ልደት የሚከበርበት መሰለ። አማት አንዱ ከረጢት ላይ በስሕተት ተቀምጠው ሲፈነዳ «ልጄን ገደልኳት!» ብለው ጮኹ፤ ውሃ በመከራ ነው ያረጋጋቸው።

መምህሩ ግንባሩን ይዞ «ጋሼ፣ አየርን አየር ውስጥ መመዘን ውሃን ባሕር ውስጥ እንደመመዘን ነው» አለ። «ደግሞም የድሮው ትንፋሽ እስካሁን እዚህ አይጠብቅህም። በመስኮት ወጥቷል። ዛፍ በልቶታል።»

«ምን አልክ?»

«ዕፅዋት ያን አየር ነው የሚበሉት። ቅጠሉም ግንዱም ፍሬውም የሚሠራው ከእሱና ከውሃ ነው።»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

መስኮቱ ውጭ፣ በግማሽ በርሜል አፈር ላይ፣ ዱባ ነበረ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን የጣለችው ፍሬ በቅሎ፣ የመስኮቱን ብረት ተጠምጥሞ፣ እስከ ሾፌሩ በረንዳ ወጥቷል። አንድ ትልቅ ዱባ አፍርቷል። ሐረጉ እንዳይበጠስ ብላ ከዩኒፎርም ትርፍራፊ ጨርቅ ማንገቻ ሰፍታለት፣ ዱባው ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ተማሪ መስሎ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ግራም በርሜሉ ሥር ተንበረከከ። የሚመዝን ሰው አይደል? ዱባው ገና ብቅ ሲል አፈሩን ከነበርሜሉ መዝኖት ነበር። ሐረጉን ከሥሩ ቆርጦ፣ በርሜሉን ከመምህሩ ጋር ተሸክሞ ባስኩሉ ላይ አወጣው። ብረቱን ገፋ። አፈሩ ድሮ ከነበረው ንቅንቅ አላለም።

«ከአፈሩ አልወሰደም!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከአፈሩ ካልወሰደ ከማን ወሰደ? እዚህ መስኮት ሥር ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ማን ነው?»

«በእርግጥ አየር የጋራ ነው፤ የእሷ ብቻ ነው ማለት...» ብሎ ጀመረ መምህሩ፤ የሚሰማው አላገኘም። ግራም ዱባውን አቅፎ እየሳመው ነበር።

እሁድ ደረሰ። አማት የመሄጃ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የልጃቸውን ሻንጣ በሩ አጠገብ አስቀምጠው ባስኩሉ ፊት ተቀመጡ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይላሉ፤ ዱባና ሚስት ግን በአንድ መስኮት በቅለው ኖሯል ብሎ መናገር ለግራምም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ተናገረ። ከዚያ ዱባውን መዘነ።

«ዘጠኝ!»

«አራት ይጎድላል» አሉ አማት።

ሐረጉን ጠቅልሎ ጨመረ፤ ቅጠሉን ጨመረ፤ የረገፈችውን አበባ ሳይቀር ከበርሜሉ ለቅሞ ጨመረ። ብረቱን ገፋ፣ አስተካከለ።

«አስራ... አስራ አራት!»

ፊቱ በራ። የአማት ፊት ግን አልበራም።

«አንድ ኪሎ ትርፍ። ትርፍም ያው ጉድለት ነው፤ ከሌላ ሰው የጎደለ። ማነው?»

ያኔ በሩ ተንኳኳና ጡረተኛው ሾፌር በቤት ጫማው ገባ። ሁሉን ከላይ ሆኖ ሲሰማ ነበር።

«አንዱ ኪሎ የኔ ነው» አለ ኮስተር ብሎ። «እኔም በረንዳዬ ላይ ስተነፍስ ነው የኖርኩት። ቅጠሉ ግማሹ ወደኔ ነው የዞረ። ድርሻዬን!»

«አንተ ደግሞ ምን በወጣህ ትገባለህ!» አለ ግራም።

አማት ግን አልሰሟቸውም። ተነሥተው ወደ ዱባው ተጠጉ። ሰማያዊዋን ማንገቻ አዩ፤ በእጃቸው ዳሰሷት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ዩኒፎርም ለብሳለች» አሉ። «ውይ፣ ልጄ ልጅ እያለች ይህንኑ ነበር የምትመስለው። ፊቷም ክብ ነበር።» ዱባውን አንሥተው አቀፉት። «ጉድለቱ ተገኝቷል፤ ፈርሜያለሁ። ግን ለሁለት የተከፈለ ዕቃ አንተ ዘንድ አይቀመጥም። ሁለቱንም እወስዳቸዋለሁ። አገናኝቼ አሳድጋቸዋለሁ።»

«እማማ፣ እግዚአብሔርን ይፍሩ! ሚስቴ ናት!» አለና ግራም የሐረጉን ጫፍ ያዘ።

«የቷ?»

«ሁለቷም!»

አማት ጎተቱ፤ ግራም ጎተተ፤ ሾፌሩ «ድርሻዬን!» እያለ ቅጠል ያዘ፤ መምህሩ መካከል ገብቶ ስለ ኦክስጅን ያስረዳል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ታይ ነበር። ትልቁን መቀስ አነሣችና ባስኩሉ ብረት ላይ በኃይል መታችው። ድንግግግ አለ። ሁሉም ባሉበት ቀጥ አሉ።

«ሳምንቱን ሙሉ» አለች፣ «ሳምንቱን ሙሉ በየት ወጣ፣ በየት ወጣ ስትሉ ሰነበታችሁ። ቧንቧ ፈታችሁ፤ ከረጢት አስነፋችሁኝ፤ ዱባ ሳማችሁ። 'መቼ ገባና?' ያለ ግን አንድ ሰው የለም።»

መቀሱን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች።

«ግራሜ፣ አንተ ሁለት በር ነው ያለህ። የመግቢያውን በር ለምን አላየኸውም?»

«እኔ... መግቢያውንማ...» አለ ግራም።

«በተጋባን በመጀመሪያው ወር ሁለተኛ ቁራሽ ዳቦ አነሣሁ። አንተ 'አራት መቶ!' ብለህ ጮኽክ። ጋሽ ሾፌር ላይ ፎቅ እግራቸውን ማንሣት አቆሙ። አፍሬ መለስኩት። በማግስቱ ሳህኔን ስትመዝን አነስ አድርጌ አቀረብኩ፤ ቁጥሩ ቀነሰ፤ ማንም ምንም አላለም፤ ደስ አለኝ። እንደዚያ እያልኩ፣ እንደዚያ እያልኩ ሃምሳ ደረስኩ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «የጠፋ ነገር የለም፤ ያልገባ ነገር ነው ያለው። እኔ እኮ ርቦኛል። ስንት ዘመኔ ነው እየራበኝ የማድረው።»

ግራም የያዘውን ሐረግ ለቀቀ። የፋብሪካው ወፍጮ ሁሉ በአንድ ጊዜ የቆመ መሰለው፤ በዚያ ፀጥታ ውስጥም የራሱን ድምፅ ሰማ፤ አራት መቶ ሃምሳ፣ አራት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲሄድ ራሱ ሲጠራው ነበር፤ ጠርቶት አልሰማውም። አፈረ። እንደዚያ ያለ እፍረት ዕድሜውን ሙሉ አፍሮ አያውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሾፌሩ ቅጠሉን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እኔ እንኳ መስሎኝ ነበር» ብሎ አጉረመረመ። «ከዓመት ዓመት ሳህኑ ሲያንስ እሰማ ነበር። ዝም አልኩ እንጂ።» አንገቱን ደፍቶም ወደ ላይ ወጣ።

አማት ዱባውን እንዳቀፉ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸው ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ልጃቸውን ብቻ አዩ። «ሻንጣሽ እዚያ ነው» አሉ ለስለስ ብለው። «ዕቃ አይናገርም ያልኩሽን ይቅር በይኝ። አሁን ተናገሪ። ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ልጅቷ ሻንጣውን አየች፤ ባሏን አየች። ግራም ሊለምናት አፉን ከፈተ፤ ግን ከአፉ ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር እንጂ ሌላ አልወጣምና ምን እንደሚል ጠፋው።

«መጀመሪያ ልብላ» አለች። «ያን ዱባ አምጪው እማዬ። የኔ ነው ካላችሁ እኔው ልብላው።»

አማት ትንሽ አመነቱ፤ ሰማያዊዋን ማንገቻ ፈትተው አጣጠፉና ዱባውን ሰጡ። ግራም ተቀብሎ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ባስኩሉን አልፎት ሲሄድ እጁ ለልማዱ ዘርጋ ሊል ነበር፤ ሰበሰበው። ላጠ፤ ቆራረጠ፤ ፍሬውን በአንድ ሳህን ላይ አስቀመጠ፤ ቀቀለ። ስንት ቁራሽ ድስቱ ውስጥ እንደገባ ላለማየት ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የጨመረው። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «እንግዲህ ተመልሶ ሊገባ ነው» አለ ለራሱ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ከመጣ ጀምሮ አጭር ዓረፍተ ነገር የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

ሳህኑ ቀረበ። እንፋሎቱ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋን አነሣች፤ አንድ ጎረሰች፤ ማኘኳን አቁማ ጠበቀች። አማትም ጠበቁ። መምህሩም ጠበቀ። ላይ ፎቅ ሲንሸራተት የነበረው የቤት ጫማ ድምፅ ቀጥ አለ። ቤቱ ሁሉ ቁጥሩን ይጠብቃል።

የግራም ምላስ ጥርሱን ነካ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ከዚያ እንዲህ አለ፣ በቀስታ፣ እንደ ሰው፦

«ጨው በቅቶታል?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። አኘከች፤ ዋጠች። እንባዋ ሳህኗ ውስጥ ጠብ አለ፤ ጨው ጎድሎት ከነበረም ሞላለት።

«በቅቶታል» አለች። ሳህኗን አሟጣ ወደ እሱ ገፋችው። «ጨምርልኝ።»

አማት ተነሥተው ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አነሡና ወደ ውስጠኛው ክፍል መለሱት። ግራም ጭልፋውን ይዞ ጨመረላት፤ ምን ያህል እንደጨመረላት እስከ ዛሬ አይታወቅም።